በእግዜር ሳልል

እሺ። የመቅጃው ቀይ መብራት በርቷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ እንደ ወትሮው። ካፖርቶቹ ሰላም ብለዋችኋል።

ስለ ሰርፉ፣ ያ ማዕበል ላይ በቦርድ መንሳፈፉ፣ አትጠይቁኝ። ቦርዱ ላይ ቆሜ አላውቅም። በሆዴ ተኝቼ ሄድኩ፣ እንደ ጭነት። አለቀ። ባሕር ዳር ልገዛ ስላሰብኩት ቤትም እመጣለሁ፤ ዕቁቡ እንዴት እንደሆነ፣ ደላላዬ "አቶ ነገ" ምን እንዳለ፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላውጣው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ እንቅልፍ የነሳኝ።

ሽማግሌ አስነሳሁ።

ይኸው ነው። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት አስነሳሁ።

ኮስታሪካ፣ ፓቮኔስ ነው። በፓቮኔስ እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ ቀኑን ሙሉ መንገድ፣ ከጎልፊቶ በኋላ ደግሞ ጠጠሩ ጥርስ የሚያንገጫግጭ። ከዛ ድንገት ወንዝ ባሕር ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ፤ እዛ ድንጋዩ ላይ ነው ያ ወደ ግራ የሚሄደው ማዕበል የሚነሳው። በዓለም ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። በደህና ቀን አንድ ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል ይላሉ። ልጆቹ ከወንዙ አፍ ይነሱና እስክትረሷቸው ድረስ ይንሳፈፋሉ። ተመልሰው በእግራቸው ሲመጡ ነው የምታስታውሷቸው።

እኔ ግን የወደድኩት ጠዋቱን ነው። ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጎትተው፣ ዓሣው በባልዲ፣ ሰው ሳይጮህ። ጠዋት ሳይጮኽ የሚገበያይ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መርካቶ አጠገብ ነው ያደግኩት።

እና መሬቱ። ቆርቆሮ ቤት አለው፣ ትንሽ፤ የአልሞንድ ዛፍ ከፊቱ። ሻጩ የሽማግሌው ልጅ ይመስለኛል፣ ሠላሳ ምናምን ይሆነዋል። አቶ ነገ ከመሄዴ በፊት "ድንጋዩን ፎቶ አንሳ፣ ቁጥሩ ይታይ፣ ለጠበቃው ነው" ብሎኛል። የወሰን ድንጋይ አለ፣ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። መንግሥት የተከለው ነው። እኛ ችካል የምንለው ዓይነት።

ሽማግሌው እሱ ላይ ተቀምጠዋል።

መረብ እየጠገኑ ነበር። የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ይዘውታል። መርፌው ፕላስቲክ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ክሩ ላዩ ላይ ተጠምጥሞ። አያዩትም፤ እጃቸው ብቻ ይሄዳል። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ጠበቅኩ። አስር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዛ "ፐርዶን" አልኩና በእጄ እንዲህ አደረግኩ።

አታዩኝም እንጂ... ዶሮ እሽ እንደሚባለው ነው ያደረግኩት።

ምንም አላሉም። መጀመሪያ መርፌውን ባርኔጣቸው ላይ ሰኩ። ከዛ መረቡን ከአውራ ጣታቸው ፈቱ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይተረተር። አንድ እጅ ጉልበታቸው ላይ። ከዛ ሌላኛው። ተነሱ። እዚህ ጋ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስለ ቆርቆሮው ዋጋ ነበር የማወራችሁ። ግን ባርኔጣውን አወለቁና የድንጋዩን አናት ጠረጉልኝ። ሁለቴ። መርፌው እንደተሰካ።

ለፎቶው።

እኔ እኮ አባባ ሲገቡ ዘልለን የምንነሳበት ቤት ነው ያደግኩት። "ኖር!" እንላለን፤ "በእግዜር" ይሉናል፤ እንቀመጣለን። አንዴ ኳስ እያየሁ ሳልነሳ ቀረሁ። የእናቴ ቁንጥጫ አሁንም እዚህ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል። እና እኚህ ሰውዬ ተነሱልኝ፤ በእድሜ አባቴ የሚሆኑ። "በእግዜር" እንኳ አላልኩም። ፎቶ አነሳሁ።

ቆይ፣ ስለ ድንጋዩ ልንገራችሁ፣ ሕጉ ይገርማችኋል። የ1977 ሕግ ነው፣ በፈረንጅ። ከባሕሩ ጠርዝ 50 ሜትር ድረስ የሁሉም ሰው ነው፤ አይሸጥም፣ አይታጠርም። ከዛ በኋላ ያለው 150 ሜትር በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ለተወሰነ ዓመት የሚያዝ ነው። የውጭ ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ነዋሪ ካልሆነ በስሙ አያገኝም። አቶ ነገ "ችግር የለም፣ ኩባንያ እናቋቁማለን፣ ግማሹ በአገሬው ሰው ስም ይሆናል" አለኝ። በማን ስም? "ነገ እናየዋለን።"

ከሊዝ ሸሽቼ ሊዝ! (ሳቅ) ከአዲስ አበባ ሊዝ አምልጬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ሊዝ።

ግን አስቡት። እነሱ ያን ሕግ ሲያወጡ በእኛ 1969 ነው። እኛ ጋ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። አያቴ አንድ ትርፍ ቤት ነበራቸው። ትርፍ። ቃሉን ራሱ አይወዱትም ነበር፤ "እንጀራ ነው እንዴ ትርፍ የሚባለው" ይሉ ነበር። ቆጣሪዎቹ የመጡ ቀን አያቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር አሉ። ተነሽ አሏቸው። ተነሱ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ በአያቴ በኩል ሆኜ ነው የምሰማው።

...አይ፣ አይ። ይህ አይመሳሰልም። ማንም አልቀማቸውም። ልጃቸው ነው የሚሸጠው፣ የጀልባ ሞተር ሊገዛበት። ምናልባት አባቱም ላይሆኑ ይችላሉ፤ አልጠየቅኩም እኮ! ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ምናልባት ደስ ብሏቸዋል። እኔ ማነኝና ነው በሰው ሽያጭ የማዝነው? እህቴ እንዳለችው "አንተ ብትተወው ሌላው ሆቴል ይሠራበታል።" እሷ ሁሌ ልክ ናት፣ ያበሳጫል።

የዛ ሰፈር መሬት ደግሞ ንጹሕ ታሪክ የለውም። በፈረንጅ በ70ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ሰርፈር የባሕር ዳሩን አብዛኛውን ገዝቶት ነበር። በኋላ በዕፅ ጉዳይ ታሰረ። ባለቤት ሲጠፋ ሰው ገባበት፣ ቤት ሠራ። የጨረቃ ቤት በሉት፣ ከኮኮናት በታች። በ1997፣ በፈረንጅ፣ በዚሁ ጠብ ሰው እስከ መሞት ደርሷል፤ አንድ ባለመሬትና አንድ ሰፋሪ፣ በአንድ ቀን። አቶ ነገ ይህን አልነገረኝም። ያከራየችኝ ሴትዮ ናት የነገረችኝ፣ ሩዝና ባቄላ እየጨለፈች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ።

ከድንጋዩ ወደ ባሕሩ የሁሉም ነው። ከድንጋዩ ወደ ኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። እሳቸው መሃል ላይ ነበሩ። ይህን ያሰብኩት አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ጥሩ ነገር ያሰብኩ መስሎኝ ጻፍኩት። አሁን ሳነበው... እንጃ። ድንጋዩ ለመቀመጫ ስለሚመች ይሆናላ።

ዕቁቡ ወጥቶልኛል፣ ሰምታችኋል። ለቀብዱ ይበቃል። እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ሁለት ሳምንት ልተኛበት በዓመት... ሁለት ሳምንት። ሃምሳውን ሳምንት ማን ይኖርበታል? አላውቅም። የአልሞንዱ ዛፍ ግን፣ ጥላው እኮ...

ፎቶውን አሁን ከፍቼዋለሁ። ጥግ ላይ የባርኔጣው ጫፍ ይታያል። ጣታቸውም። ቁጥሩ ግን አይነበብም፤ የባርኔጣው ጥላ ወድቆበታል። ጠበቃው መልሶታል። አቶ ነገ ድምፅ ልኮልኛል፣ ከትናንት በስቲያ፦ "አትጨነቅ፣ ነገ በጠዋት እኔው ሄጄ አነሳዋለሁ።"

ነገው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ግን እሱ ድንገት ቀንቶት ቢሄድስ? በጠዋት ነው ያለው። በጠዋት እኮ እዛ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሂድ ልበለው? ለምን ቢለኝስ ምን... ቆይ። እዛ አሁን ስንት ሰዓት ነው?