ሁለት ፊት ያላቸው መሪዎች

እናቶች፣ አባቶች፣ ሥዕል የምትወዱ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነገ አብረን እዚህ ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ወዳለው ብሔራዊ የፖርትሬት፣ ማለትም የሰው መልክ ሥዕል፣ ጋለሪ እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ትንሽ ላጫውታችሁ። የእንግሊዝ መሪዎች ሁለት ፊት አላቸው። አንዱ ራሳቸው ሠዓሊ ፊት ቁጭ ብለው ያሣሉት ነው። ሌላው ማንም ሳያስፈቅዳቸው የተሣለባቸው ነው። ትልልቁ ግድግዳ ላይ በብዛት የሚሰቀለው የመጀመሪያው ነው። ሕዝቡ በልቡ የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከዊልያም ፒት ልጀምር። በ1783 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ገና 24 ዓመቱ ነበር። ጆን ሆፕነርም ቶማስ ሎረንስም ሥለውታል። እነሱ ጋ ፒት የተከበረ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ጄምስ ጊልሬይ ነበረ። ጊልሬይ መዳብ ላይ ይቀርጻል። ከመዳቡ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ በእጅ ቀለም ይቀባል፣ ይሸጣል። የሚኖረው ከአሳታሚው ከሐና ሐምፍሪ ሱቅ በላይ ነበር፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ። አዲስ ሥዕል በወጣ ቁጥር ሰው መስኮቱ ላይ ይጎርፋል። መግዛት የማይችለውም አይቶ ስቆ ይሄዳል።

ጊልሬይ ፒትን እንደ ሸንበቆ አቀጠነው። አፍንጫውን አሾለና ወደ ላይ ቀሰረው። በ1791 ፍግ ላይ የበቀለ እንጉዳይ አድርጎ ሣለው። በ1805 ደግሞ ፒትና ናፖሊዮን ገበታ ቀርበው ዓለምን እንደ ፑዲንግ ሲቆርሱ አሳየ። እዚያ ላይ ናፖሊዮን ድንክ ነው። እውነተኛው ናፖሊዮን እኮ ለዘመኑ መካከለኛ ቁመት ነበረው። ዛሬ ግን ማንንም ጠይቁ፣ አጭር ነበር ይላችኋል። በዚህ የጊልሬይ እጅ ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ ሰው በመዳብና በቀለም የዓለምን ትዝታ ቀየረ።

ጊልሬይን በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ይሄንንም ልንገራችሁ። ከ1797 ጀምሮ መንግሥት በድብቅ በዓመት 200 ፓውንድ ይቆርጥለት ነበር። ከዚያ በኋላ ዱላው ይበልጥ በፒት ተቃዋሚዎች ላይ አረፈ። የእነዚያን ዓመታት ሥዕሎቹን ባየሁ ቁጥር ያመኛል። እጁ ያው እጅ ነው፤ ውበቱም አልቀነሰም። ግን ማን እንደከፈለው ካወቅኩ በኋላ እንደ ድሮው መሳቅ አልቻልኩም።

ነገ ቤንጃሚን ዲዝሬሊን ካገኘነው ፊቱ ትንሽ ቆም በሉልኝ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ፣ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሲያልፉ፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እሱ ነበር። ጆን ኤቨረት ሚሌ በ1881፣ በሞተበት ዓመት ሥሎታል። ጥቁር ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፓንች የሚባለው የቀልድ መጽሔት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1876 ጆን ቴኒየል ዲዝሬሊን ለንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድን ዘውድ የሚያቀርብ፣ አዲሱን በአሮጌው የሚለውጥ ሱቅ በደረቴ አድርጎ ሣለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው መቅደላ ስትወድቅ ሥልጣን ላይ የነበረው የትኛው ፊት ነበር እላለሁ።

ሥዕል ግን ሣዩ እንዳሰበው ላይሄድ ይችላል። በ1958 ቪኪ የሚባለው ካርቱኒስት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሃሮልድ ማክሚላንን ሊያላግጥበት ካባ አልብሶ ሱፐርማን አደረገው። «ሱፐርማክ» የሚለው ስም ሰውየውን ጭራሽ ተወዳጅ አደረገው። በ1980ዎቹ እዚህ ከተማ የነበራችሁ ወላጆች ደግሞ «ስፒቲንግ ኢሜጅ» የሚባለውን የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ታስታውሳላችሁ። ማርጋሬት ታቸርን የወንድ ሱፍ አለበሷት። የሊበራል ፓርቲውን መሪ ዴቪድ ስቲልን አሳንሰው የአጋር ፓርቲው መሪ የዴቪድ ኦወን ኪስ ውስጥ ከተቱት። ስቲል በአካሉ ትንሽ ሰው አልነበረም። ያ ኪስ ግን ለብዙ ዓመት ተከተለው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። ዛሬ የጠራኋችሁም ለዚህ ነው።

1954 ነው። ዊንስተን ቸርችል 80 ሊሞላው ነው፣ አሁንም ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ከዓመት በፊት ስትሮክ መትቶታል። ሕዝቡ አልተነገረም። በፌብሯሪ ፓንች አንድ ካርቱን አወጣ። የሣለው ሌስሊ ኢሊንግወርዝ ነው። ቸርችል ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ፊቱ ወድቋል፣ ዓይኑ ፈዟል። አብሮት የወጣው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው፦ «ሰው ወደ ተግባሩ፥ እስኪመሽም ድረስ ወደ ሥራው ይወጣል።» ለእኛ ዳዊት ለምንደግም ሰዎች ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መሽቷል ማለት ነው። ቸርችል ክፉኛ አዘነ።

በዚያው ዓመት ሁለቱ ምክር ቤቶች ለልደቱ ፖርትሬት አዘዙለት፣ ለግራሃም ሰዘርላንድ። ቸርችል ሠዓሊውን እንዴት ልትሥለኝ ነው፣ እንደ ኪሩብ ወይስ እንደ ቡልዶግ ውሻ ብሎ ጠየቀው። ሰዘርላንድ ያየውን ሣለ። ወንበር ላይ ከበድ ብሎ የተቀመጠ፣ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ የያዘ፣ ለመነሳት የሚቸገር የሚመስል ሽማግሌ። ኖቬምበር 30 ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ ሲገለጥ ቸርችል «ድንቅ የዘመናዊ ሥዕል ምሳሌ» አለና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሥዕሉ ቤቱ ተወሰደ። አልተሰቀለም። ባለቤቱ ክሌመንታይን በኋላ አስቃጠለችው። ሕዝብ ያን ያወቀው እሷ ካረፈች በኋላ በ1978 ነው።

ቸርችል ራሱ ቀለም የሚወድ፣ ሥዕል የሚሥል ሰው ነበር። ስለዚህ ሰዘርላንድ ምን እንዳየ በደንብ የገባው ይመስለኛል። ክሌመንታይንንም አልወቅሳትም። ባሏን የምትወድ ሴት ናት፣ በዚያ ሥዕል ሲሰቃይ አይታለች። ግን ያ ሥዕል መቃጠሉ ዛሬም ያንገበግበኛል። ካርቱኑና ፖርትሬቱ፣ ሁሌ የሚጣሉት ሁለቱ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ። ደክሟል አሉ። ሰዘርላንድ ሥዕሉን ባስረከበ በአምስተኛው ወር፣ በኤፕሪል 1955፣ ቸርችል ሥልጣኑን ለቀቀ።

አሥር ዓመት ገደማ አለፈ። በ1964 ቸርችል ፓርላማውን ሊሰናበት ሲል ወጣቱ ጄራልድ ስካርፍ ለታይምስ ጋዜጣ ሣለው። ጋዜጣው አላትምም አለ። ያኔም እውነተኛውን ፊት ማየት ከብዷቸው ነበር።

የሰዘርላንድ ትልቁ ሥዕል የለም። ለእሱ ሲዘጋጅ የሣላቸው ንድፎች ግን ተርፈዋል፣ ከፊሎቹም የዚሁ ጋለሪ ንብረት ናቸው። ልጆች፣ ነገ እርሳስና ደብተር ያዙ። አንድ ፊት ምረጡና ሁለት ጊዜ ሣሉት፦ አንዴ ሰውየው እንዲሣል እንደሚፈልገው፣ አንዴ እናንተ እንዳያችሁት። ጠዋት በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።