የግል

እሺ… እየቀዳ ነው መሰለኝ፣ አዎ ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ወንበሩ ዛሬም ይጮኻል፣ ለምዳችሁታል መቼም፣ ዘይት ቀቢው ያላችሁኝ ሰዎች ቀብቼው ነበር፣ ያው ነው።

የዛሬው ኤፒሶድ ያ ቃል የገባሁላችሁ ነው፣ የአባ ቴድ። ቄስ ቴዎዶር ሄስበርግ፣ አሜሪካ ኢንዲያና ያለው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የነበሩት። ስድስት ገጽ ኖት ይዣለሁ፣ በዓመት በዓመት የተደረደረ። ግን ማክሰኞ ማታ እሱን ሳዘጋጅ አንድ ነገር አነበብኩና ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ስለዚህ እንደመጣልኝ ነው የማወራው፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

ያነበብኩት ነገር ትንሽ ነው። አባ ቴድ ሌሊት የሚሠሩ ሰው ነበሩ፣ የቢሯቸው መብራት እኩለ ሌሊት አልፎም ይበራል፣ ተማሪው ደግሞ ይሄን ያውቃል። እና ጉዳይ ያለው ልጅ ምን ያደርጋል፣ ከሕንጻው ውጪ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የእሳት አደጋ መውጫ ደረጃ አለ አይደል፣ በሱ ይወጣና መስኮቱን ያንኳኳል። የፕሬዝዳንቱን መስኮት! በሌሊት! እሳቸውም ቁጭ ብለው ያናግሩታል።

በቃ ይሄው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ኖቱን ዘጋሁት።

ምክንያቱም… የልጁን ነገር አልነገርኳችሁም አይደል? ለማንም አልነገርኩም። ዲፓርትመንት ሄድ ከሆንኩ ጀምሮ ያለውን ነገር ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግመውም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አስር ደቂቃ ቢቀረው ነው፣ ኮምፒውተሩን ዘግቻለሁ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው፣ በሩ ተንኳኳ። ግባ አልኩ። አንድ ልጅ ገባ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ መልኩን አውቀዋለሁ ስሙ ግን አልመጣልኝም። የዊዝድሮዋል ፎርም ይዟል፣ ትምህርት ማቋረጫው። "ቲቸር፣ ይቺን ቢፈርሙልኝ" አለኝ። አምጣ አልኩትና አየሁት፣ ሁሉም ተሞልቷል፣ "ምክንያት" የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። "ይቺን ሙላት፣ ሪጂስትራር አይቀበሉህም" ብዬ እስክሪብቶዬን ሰጠሁት።

ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ አለ። እና ወዳጆቼ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፣ ያኔ ረጅም ነበር፣ እኔ በሩን እያየሁ ነበር፣ ሰርቪሱ እንዳያመልጠኝ። ከዚያ አንድ ቃል ጻፈ። "የግል።" እስክሪብቶውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። እኔም ቆሜ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ ፈረምኩ። አልሄደም፣ ቆመ። "ሌላ ነገር አለ?" አልኩት። "የለም ቲቸር፣ አመሰግናለሁ" አለ። በሩን ሲዘጋ እጀታውን ወደ ታች ይዞ ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው፣ ድምፅ እንዳያሰማ።

…ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።

እሺ። አባ ቴድ።

እኚህ ሰው በ1952 ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ዕድሜያቸው 35 ነበር፣ የቆዩት ደግሞ 35 ዓመት ነው፣ እስከ 1987። ሲረከቡት ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ያለው፣ ሰው በእግር ኳሱ (በአሜሪካኖቹ ማለቴ ነው) የሚያውቀው የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር፣ ሲለቁ ተማሪው 9 ሺህ 600 ደርሷል። ዓመታዊ በጀቱ ከ9.7 ሚሊዮን ዶላር ወደ 176.6 ሚሊዮን ዶላር። በ1972 ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶች መግባት ጀመሩ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የ1967ቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የማኅበራቸው ነበር፣ የቅዱስ መስቀል ማኅበር የሚባለው፣ እሳቸውም የማኅበሩ ካህን ናቸው፣ እና በእጃቸው ያለውን ሥልጣን ምእመናን ለሚበዙበት ቦርድ አስረከቡ። ሥልጣን ይዞ የሚያካፍል ሰው ስንት አይታችኋል? በዚያው ዓመት ደግሞ ላንድ ኦሌክስ የሚባል ቦታ፣ ዊስኮንሲን፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መሪዎችን ሰብስበው፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ከማንኛውም ባለሥልጣን፣ ከቤተ ክህነትም ቢሆን፣ ነፃ ሆኖ መመራመር አለበት የሚል ሰነድ አወጡ። እስካሁን የሚነቅፏቸው አሉ፣ ካቶሊክነቱን ያላላው ያ ሰነድ ነው የሚሉ። እኔ በዚህ አልፈርድም፣ ቤተ ክርስቲያኗን ከውስጥ የሚያውቅ ይፍረድ።

ላንድ ኦሌክስ ካልን አይቀር፣ ይሄን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር በ1957 የሲቪል መብቶች ኮሚሽን አባል አድርገው ሾመዋቸው ነበር። አባላቱ ስድስት ናቸው፣ ግማሾቹ የደቡብ ሰዎች፣ በዚያ ዘመን በጥቁሮች የመምረጥ መብት ጉዳይ እነዚህን ማስማማት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በ1959 ሉዊዚያና ውስጥ ሊያደርጉት የነበረውን ምርመራ ፍርድ ቤት አገደባቸው፣ ሙቀቱ ሌላ፣ ሁሉም ተሰላችቷል። አባ ቴድ ምን አደረጉ፣ ሰዎቹን አውሮፕላን ላይ ጭነው ወደ ላንድ ኦሌክስ፣ ሐይቅ ዳር ወሰዷቸው። ዓሣ አጠመዱ። አብረው እራት በሉ። ከዚያ የውሳኔ ሐሳቦቹን አንድ በአንድ ሲያነሱ በአብዛኛው ተስማሙ። አይዘንሃወር እንዴት ተሳካላችሁ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ለካ ሁላችንም ዓሣ ማጥመድ እንወዳለን የሚል ዓይነት መልስ ነው የሰጧቸው። ከዚያ ኮሚሽን ሐሳቦች ብዙዎቹ በኋላ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ውስጥ ገብተዋል።

እና ያ ፎቶ አለ፣ ሰኔ 1964፣ ቺካጎ፣ ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘምራሉ። እኔ ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ፊታቸውን ትቼ እጆቻቸውን ነው የማየው።

…እጅ። በሁለት እጁ ነው ያልኳችሁ፣ እስክሪብቶውን የመለሰልኝ። ለታላቅ ዕቃ ስታቀብል እንደምታደርገው። የሚሄድ ልጅ እኮ ነው፣ ከነገ ወዲያ አያየኝም፣ ምን ያስፈራዋል? ያስተማረችው እናቱ ትሆናለች። አንዳንዴ እሷን ነው የማስበው፣ ልጇ ቤት ሲገባ ምን እንዳለች፣ ወይ ደግሞ እስካሁን አልነገራትም።

ቆይ። አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ላንሳው፣ ሰውየውን መልአክ እንዳላደርጋቸው። በኖትር ዳም የታወቀ ቀልድ ነበር፣ በእግዚአብሔርና በአባ ቴድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ፣ አባ ቴድም በሁሉም ቦታ አሉ፣ ከኖትር ዳም በስተቀር። የፕሬዝዳንቶች ኮሚሽን ላይ ናቸው፣ ቫቲካን ናቸው፣ አውሮፕላን ላይ ናቸው። የክብር ዲግሪያቸው 150 ደርሷል፣ ይሄ ሪከርድ ነው። እና እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ያ መብራት ሁሌ አይበራም ነበር ማለት ነው። ደረጃውን ወጥቶ ጨለማ መስኮት ያገኘ ልጅም ይኖራል። የሱን ታሪክ ማን ይጽፈዋል? ይሄን ሳስብ ትንሽ ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ወዲያው ደግሞ ስለቀለለኝ አፈርኩ።

የ1969ኙም አለ። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፣ ካምፓስ ሁሉ እየተናጠ ነው፣ አባ ቴድ ለተማሪው በሙሉ ደብዳቤ ጻፉ፣ የሌላውን መብት በኃይል የሚነካ ሰልፈኛ ቆም ብሎ የሚያስብበት 15 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ካላቆመ ከዩኒቨርሲቲው ይታገዳል የሚል። ኅዳር ላይ አስር ተማሪዎች ተቀጡበት። እሳቸው ራሳቸው ኋላ ጦርነቱን የተቃወሙ ሰው ናቸው። ፕሬዝዳንት ኒክሰን በደብዳቤው ደስ ብሏቸው አመሰገኗቸው፣ አባ ቴድ ግን መንግሥት በካምፓስ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ተሟገቱ። በዚያው ዓመት ኒክሰን የሲቪል መብቶች ኮሚሽኑ ሊቀመንበር አደረጓቸው፣ አባ ቴድ የኒክሰንን አስተዳደር በጥቁሮች መብት ጉዳይ መንቀፋቸውን አልተዉም፣ በ1972 ምርጫው እንዳለቀ ከቦታው አስነሷቸው።

ስለ ደብዳቤው ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ፣ ጨካኝ ነው፣ ትክክል ነው። እኔ ግን ውስጤ የቀረችው 15 ደቂቃዋ ናት። ሕግ ጥሰሃል ለሚሉት ሰው እንኳ 15 ደቂቃ አስብ አሉት። እኔ ልጁን ስንት ሰጠሁት? ሁለት? ምንም ያላጠፋ ልጅ። ቦርሳዬን አውርጄ "ተቀመጥ እስቲ፣ ምን ሆነህ ነው?" ብለው ምን ይቀርብኝ ነበር? ሰርቪሱ ያመልጠኛል፣ በታክሲ እሄዳለሁ።

እሺ፣ ግን ደግሞ፣ ላይናገር ይችላል። "የግል" ብሎ የለ? የግል ካለ የግል ነው፣ ማክበር አለብኝ። እንደዛ ለራሴ ስነግረው ለአንድ ሰዓት ይሠራል። ከዚያ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ የቆየው ይመጣብኛል። የሚጽፈው ነገር ነበረው እኮ። የሆነ ረጅም ነገር ሊጽፍ ነበር፣ ወይ ሊነግረኝ፣ ቀና ብሎም አይቶኝ ይሆናል፣ እኔ በሩን ነበር የማየው፣ አላየሁም።

ሰኞ ሪጂስትራር ጠየቅኩ፣ ክሊራንሱን ጨርሶ ሄዷል። ስሙንም ያኔ ነው ከፎርሙ ያገኘሁት። ስልኩም አለ እዚያው ላይ። ረቡዕ ቁጥሩን ስልኬ ላይ መታሁት፣ አልደወልኩም። ምን እለዋለሁ? ስለ ፎርምህ ነው ብል ይደነግጣል፣ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለዋል። እንዲሁ ደወልኩ ብለው ደግሞ… ዲፓርትመንት ሄድ እንዲሁ ይደውላል?

የአባ ቴድን ቀሪ አራት ገጽ አልነካሁትም፣ ላይብረሪው አለ፣ ያ 14 ፎቅ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ ፒስ ኮር አለ፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት። ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ ወይም… አላውቅም።

እስክሪብቶዋ ይቺ ናት፣ ሰማያዊ፣ ዛሬም በሷ ነው ኖት የያዝኩት። ነገ ጠዋት ልደውልለት ይሆን? ቅዳሜ ነው፣ ተኝቶ ቢሆንስ… ከሰዓት ይሻላል መሰለኝ። ከሰዓት እኔ…