የምድር ትል በጠርሙስ፦ ልጆች የሚንከባከቧት እንግዳ

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የቤት እንስሳ ይዤ መጥቻለሁ። አትጮህም፣ አትነክስም፣ ፀጉሯን ሶፋ ላይ አታራግፍም። የምድር ትል ናት! አዎ፣ የምድር ትል።

ፊታችሁን አታጨፍግጉ እንጂ! ልጅ ከዝናብ በኋላ ትል ይዞ ሲመጣ “ጣላት!” ማለት ይቀናናል። እባካችሁ አትበሉት። “እሷ” የምላት ደግሞ ስለምወዳት ነው፤ የምድር ትል ወንድም ሴትም ናት።

እስኪ እንዴት እንደምትሄድ እንይ። ረጅም ቀጭን ፊኛ አስቡ። ውሃ ሙሉት። አሁን መሃሉን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ምን ሆነ? ረዘመ አይደል? ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ጫፍ ሸሸ። አሁን ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ መሃል ግፉት። አጠረ፣ ወፈረ። ጨበጥ ሲደረግ ረዘም፣ ገፋ ሲደረግ ወፈር። ትላችንም እንደዚሁ ናት። አጥንት የላትም፤ ሰውነቷ ፈሳሽ የሞላው ፊኛ ነው። ጨባጩም ገፊውም የራሷ ጡንቻ ነው። ጨበጥ፣ ረዘም። ገፋ፣ ወፈር። እንዲህ እያለች አፈሩን ሰንጥቃ ትሄዳለች።

ግን ፊኛ ያንሸራትታል፤ እሷ ለምን አትንሸራተትም? ሆዷ ላይ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ጠንካራ ፀጉሮች አሏት። በነሱ አፈሩን ትቆነጥጣለች። ወረቀት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አስቀምጧትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ቤቱ ጸጥ ካለ ወረቀቱን ስትጭረው ይሰማችኋል። ያኔ የልጆቹን ፊት ማየት ነው!

ቤቷን በፍጥነት እንሥራ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ውስጡ የሚታይ። አንድ ረድፍ አፈር፣ አንድ ረድፍ አሸዋ፣ እንደገና አፈር። ከላይ የደረቀ ቅጠል። ክዳኑን ብሱት፣ ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሉት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። የምትተነፍሰው በቆዳዋ ስለሆነ ከደረቀች ትታፈናለች። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ። ጨውና ሎሚ አታስጠጉባት። በቃ! እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን ቁልፏን ተጫኗት።

አሁን ደግሞ ስለ ትል ባወራሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ ጥያቄ፦ “ለሁለት ብትቆረጥ ሁለት ትል ትሆናለች አይደል?” አትሆንም! ልጆች፣ በደንብ ስሙኝ፤ አትሆንም። ሁለቱም ቁራጭ ሲወራጭ ስለምናይ ነው የምንታለለው። ነርቭ በሰውነቷ ሙሉ ስለተዘረጋ ጭራዋ ለብቻውም ይንቀሳቀሳል። አፏና አንጎሏ ያሉት ግን ከፊት ነው። ቁስሉ ከፊቷ ራቅ ካለ የፊተኛው ክፍል ድኖ አዲስ ጭራ ሊያበቅል ይችላል። የኋለኛው ግን በአብዛኛው ይሞታል። ስለዚህ “እስኪ እንሞክር” የሚል ልጅ ካለ ምላጩን ቀሙት። ይሄ ሙከራ አይደለም፤ ማሠቃየት ነው።

መሞከር ለሚወድ ልጅ የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርለስ ዳርዊን ሙከራ አለለት። ዳርዊን ትሎችን ቤቱ ውስጥ በአፈር ዕቃ ያኖር ነበር፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ስለነሱ መጽሐፍ አሳትሟል። አጠገባቸው ፒያኖ ሲመታ ምንም አልመሰላቸውም። ዕቃው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲመታ ግን ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥልቅ አሉ። ጆሮ የላቸውም፤ ንዝረቱ ነው የተሰማቸው። እናንተም ጠርሙሱን አታንኳኩት።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ያ የተስተካከለ ረድፍ ተደባልቋል፤ አሸዋው አፈሩ ውስጥ ገብቷል። ምናልባት አንድ ቅጠል ጉድጓድ አፍ ላይ ተሰክቶ ታዩ ይሆናል። ማታ ጎትታው ነው።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ወዳገኛችኋት ቦታ መልሷት፤ አመሻሽ ላይ፣ መሬቱ ሲረጥብ። ልጁ ራሱ ያስቀምጣት። መጀመሪያ ራሷ ይገባል፤ ጨበጥ፣ ረዘም፤ ገፋ፣ ወፈር፤ ከዚያ የጭራዋ ጫፍ ብቻ ይቀራል።