ገመድ የሌላት መርከብ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የሚያንኳኳው ማሞቂያው ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ቻሉት።

ስለ አንድ ጥፋቴ ላውራችሁ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ አንዲት መርከብ ተሰቅላለች። የዘይት ቀለም ሥዕል ናት። ሦስት ምሰሶ አላት፣ ሸራዋን በሙሉ ዘርግታለች። በቀኝ በኩል ገመዶቿ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥነው ይታያሉ። በግራ በኩል ግን ገመድ የሚባል የለም፤ ሸራዎቹ አየር ላይ ቀርተዋል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ማሳቹሴትስ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቃ ማጓጓዝ ነበር። አያት ትሞታለች፣ ቤቱ ይሸጣል፣ እኛ ዕቃ እናወጣለን። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ይወስዳሉ። የማሆጋኒ እንጨት ዕቃውን የሚፈልገው የለም። እዚህ «ቡናማ ዕቃ» ነው የሚሉት፤ ዋጋው ከወደቀ ሃያ ዓመት አለፈው። አንድ ቀን ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ ወደ ቆሻሻ መኪና ስንሸከም አንዱ መሳቢያ ወጥቶ ወደቀ። ገልብጬ አየሁት። ፊቱ ማሆጋኒ ነው፣ ውስጡ ግን ነጭ ጥድ። የኒው ኢንግላንድ አናጺዎች የማይታየውን ክፍል የሚሠሩት በአካባቢያቸው ጥድ ነበር። የታችኛውን ሳንቃ በጣቴ ስዳብሰው የእጅ መላጊያው የሄደበት ቦይ ይሰማኛል። ጎኑና ፊቱ እንደተጠላለፉ ጣቶች ተያይዘዋል፣ ጥርሶቹም እኩል አይደሉም። አለቃዬን «ልውሰደው?» አልኩት። ሳቀብኝ። ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ያመኛል ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ስር የምንበረከክ ሰው ሆንኩ። ክብ ጠረጴዛ በሜትር እለካለሁ፤ እንጨት በወርዱ ስለሚኮማተር፣ እውነተኛ አሮጌ ክብ ጠረጴዛ ትንሽ ሞላላ ይሆናል። ፍጹም ክብ ከሆነ ግን እጠረጥረዋለሁ።

መርከቧን ያገኘኋት እዚሁ ማሳቹሴትስ፣ ብሪምፊልድ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ሜይ፣ ጁላይና ሴፕቴምበር፣ ሜዳው በሙሉ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሆናል። ሻጩ «ፊርማ ቢኖራት ኖሮ አትችላትም ነበር» አለኝ። ልክ ነው። ታዋቂውን የመርከብና የወደብ ሠዓሊ ፊትዝ ሄንሪ ሌንን ማየት ስፈልግ ግሎስተር ያለው ሙዚየም እሄዳለሁ እንጂ አልገዛም። ያ በምርኩዝ ይሄድ የነበረ ሰው የሳለው ጸጥ ያለ ወደብ ፊት ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው።

ፊርማ ካልን ግን የሠዓሊው የጆን ፒቶ ነገር ትዝ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚስለው ፍራፍሬና አበባ አይደለም፤ የተበጫጨቀ መጽሐፍ፣ ፒፓ፣ ያረጀ ጣሳ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ትንሽ ከተማ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ሞተ። ሥዕሎቹ ላይ የዊልያም ሃርኔት የውሸት ፊርማ ተጻፈባቸው፤ ሃርኔት ታዋቂ ነበራ! አልፍሬድ ፍራንከንስታይን የሚባል ሃያሲ በ1940ዎቹ እስኪለያቸው ድረስ ሰው በሃርኔት ስም ፒቶን ሲያደንቅ ኖረ። ስለዚህ የእኔዋ ፊርማ የሌላት መሆኗ ቢያንስ ውሸት የለባትም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እና ምን ሆነ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። ቤት ማጽዳት ጀመርኩ። መርከቧ በጭስ ጠቁራለች። ጥጥ፣ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና። መጀመሪያ ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር ወጣ። ሰማዩ ፈካ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ቀጠልኩ። ከዚያ ጥጡ ላይ ጥቁር፣ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ።

የመርከብ ሠዓሊ ገመዱን የሚስለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀጭን አድርጎ፣ በደረቀው ቀለም ላይ። ስለዚህ ሲታጠብ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ይህን ያነበብኩት ከጥፋቴ በኋላ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ዌስት ሆቦከን ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠሩ መርከቦችን የሳለው ዴንማርካዊው አንቶኒዮ ጃኮብሰን ብዙ ደንበኞቹ ካፒቴኖችና የመርከብ ድርጅቶች ነበሩ። ካፒቴን ሞገዱ ባይመስል ዝም ሊል ይችላል። ገመዱን ግን ያውቀዋል፣ እጁ ላይ ጠባሳ ትቶበታላ። እኔ የጠረግሁት እንግዲህ ያንን ነው።

ሥዕል የምታድስ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። መልሳ ልትስልልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። የጠየቀችኝ ዋጋ መርከቧን ከገዛሁበት ይበልጣል። ይዤ ተመለስኩ።

እማዬ መጣች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «ምነው ልጄ፣ ቆራሌው እዚህ አገር አይደርስም?» አለች። ኮመዲኖውን ግን ወደደችው፤ መሳቢያውን ከፍታ አሽትታ ነጠላዎቿን አስገባችበት። ከዚያ መርከቧ ፊት ቆመች። እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም። ትንሽ ዝም ብላ «ይሄ ጨርቅ በዚህ በኩል ምን ይዞት ነው የቆመው?» አለችኝ።

ነገርኳት። እስክትታመም ሳቀች።

አሁን መርከቧን ግራዋ ጥላ በሚያጠላበት ጥግ ነው የሰቀልኳት። እንግዳ ሲመጣ በቀኝ በኩል አስቀምጠዋለሁ። እማዬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንደዋወል፣ ጤናዬን ከጠየቀች በኋላ፣ እስካሁን አልተወችኝም፦ «ለመርከቧ ገመድ ገዛህላት?»