የማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የመክፈቻ ንግግር፦ ለትልልቆቹ ልጆች የጭቃ ጠረጴዛ እንስራ

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች እንኳን በሰላም መጣችሁ። የእሁድ ጠዋታችሁን ስለሰጣችሁን ከልብ እናመሰግናለን። የሂሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች፣ የፓምፑና የጥበቃው ጉዳይም አጀንዳ ላይ አለ፣ እኔ ግን መክፈቻዬን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ላድርገው፣ እሱም ትልልቆቹ ልጆቻችን ናቸው፣ በጭቃና በውሃ ሚጫወቱበት ጠረጴዛ እንስራላቸው ነው ምለው።

ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱ ገባ። እዚህ ልደታ መሀል ከተማ ላይ ግቢያችን ውስጥ ያለው ሸርተቴና ዥዋዥዌ የትንንሾቹ ነው፣ ከ8 እስከ 13 አመት ያሉት ኳስ ሲያነሱ መስኮት ትሰብራላችሁ ይባላሉ፣ አፈር ሲነኩ ደግሞ «ይሄን አክለህ በጭቃ ትጫወታለህ?» ይባላሉ፣ ከዛ ምን ቀራቸው፣ ስልክ ነው በቃ። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የህፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እኮ አንቀጽ 31 ላይ መጫወት መብት ነው ሲል እስከ 18 አመት ላለ ልጅ ሁሉ ነው ሚለው።

ጭቃ የህፃን ጨዋታ ነው ሚለውን እኔ አልቀበለውም። የ4 አመት ልጅ ጭቃውን መንካት ይበቃዋል፣ የ10 አመት ልጅ ግን የሆነ ነገር እንዲሰራለት ይፈልጋል፣ ውሃ ማገድ፣ ቦይ ማውጣት፣ አቅጣጫ ማስቀየር ነው ሚያምረው። ዝናብ ባባራ ቁጥር በረንዳ ላይ ቆማችሁ እዩዋቸው፣ ፍሳሹን ሲገድቡ ህዳሴን ሰራን ይላሉ። በአሸዋ ብቻ የተሰራ ግድብ ውሃ ያሳልፋል፣ መሀሉ ላይ ሸክላ አፈር ሲጠቀጠቅበት ይይዛል፣ ትልልቆቹ የአፈር ግድቦችም የሚሰሩት እንደዛ ነው፣ ይሄንን ልጅ በእጁ አንዴ ካወቀው አይረሳውም። ወይ ደግሞ ጭቃውን አንዱን በጭድ አንዱን ያለ ጭድ ያቡኩና ፀሀይ ላይ ያድርቁት፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ ሲያዩ አያቶቻችን ቤት ሲመርጉ ጭድ ለምን እንደሚጨምሩ ይገባቸዋል።

ጠረጴዛው ከባድ ስራ አይደለም። አራት የሞራሌ እግር ቁመቱ 70 ሴንቲ አካባቢ፣ የትንንሾቹ ጠረጴዛ 50 ስለሚሆን ለነዚህ ያጎብጣቸዋል፣ ከላይ በሞራሌ ፍሬም ይመታና ሁለት ትልልቅ ሳፋ በከንፈራቸው ፍሬሙ ላይ እንዲያርፉ ይደረጋል፣ አንዱ ለውሃ አንዱ ለአፈርና ለአሸዋ፣ ሲያልቅ ብድግ አርጎ መድፋት ነው። እግሮቹን በሰያፍ እንጨት ማሰር ግን ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲሆን እርጥብ አሸዋ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ባለ 40 ሊትሩ ሳፋ ጢም ካለ ልጅ ተደግፎበት ሲወዛወዝ ምን እንደሚመጣ አስቡት፣ ስለዚህ አሸዋው ከሲሶ አይለፍ። ከኋላ የወንፊት ሽቦ ይቆምና የተቆረጠ ሃይላንድና የቱቦ ቁራጭ በሲባጎ እያሰሩ ውሃውን ከላይ እስከ ታች ራሳቸው ይመሩታል፣ ለኔ ዋናው ይሄ ሽቦ ነው፣ ትልቁን ልጅ አስሮ ሚያቆየው እሱ ነው። ለአረፋ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንዳንዴ ይፈቀድላቸው፣ ዱቄት ግን አይሆንም፣ እህል ነው።

ሁለት ነገር አደራ። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ብሎ የተቃጠለ ዘይት ሚቀባ አለ፣ ልጅ እጁን ሚያሳርፍበት ላይ ፈፅሞ አይነካም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስና ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት ቀለም ይቀባ፣ በሀገራችን ደንብም ቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ መብለጥ የለበትም። ምናለሽ ተራ ርካሽ በርሜልና ጀሪካን ሞልቷል፣ ውስጡ ምን እንደነበረ ካልታወቀ ግን ኬሚካል ሊሆን ስለሚችል ይቅርብን። ድመት እንዳይገባበት ማታ ማታ አሸዋው ይከደናል፣ ከጨዋታ በኋላ እጅ በሳሙና።

ውሃ በፈረቃ እየመጣ ይሄ ቅንጦት ነው ምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ልክ ናችሁ፣ የቧንቧ ውሃ አንነካም። አሸንዳው ስር አንድ ንፁህ በርሜል ይቀመጣል፣ የክረምቱ ዝናብ ለጠረጴዛው ከበቂ በላይ ነው፣ እንደማይጠጣ ብቻ ለልጆቹ ይነገራቸው፣ ሚደፋውም አበባው ላይ ይሂድ።

የምጠይቃችሁ የሞራሌውንና የሁለት ሳፋውን ወጪ ዛሬ እንድታፀድቁልን ነው፣ ቀሪውን ከየቤታችን እናዋጣለን። ካፀደቃችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከህንፃው ጀርባ እንገናኝ፣ መጋዝና መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ አሮጌ ልብስ አልብሳችሁ ልጆቹንም አምጧቸው፣ መለካቱንና ብርጭቆ ወረቀቱን እነሱ ናቸው ሚሰሩት። አሁን ፀሀፊያችን ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ታንብብልን።