የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ቪዲዮው አራት ደቂቃ ሄዶ ለምን ቀጥ ይላል?

ጥያቄ፦ የካሜራ ቪዲዮ በማልቲካስት (አንዱን ስርጭት ለብዙ ተቀባይ በአንድ ጊዜ በመላክ) እናሰራጫለን። ስርጭቱ ሲጀምር ከካሜራው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ፕሪንተር እንኳ የፖርቱ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል። መሣሪያዎቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ስዊች ማን በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያውቀው የላኪውን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ) እያየ ነው። የማልቲካስት አድራሻ ደግሞ ላኪ ሆኖ አይመጣም፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። ስዊቹ ስለማያውቀው ለሁሉም ፖርት ይረጨዋል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚልኩ 20 ካሜራዎች ቢኖሩ 160 ሜጋቢት ነው። ፕሪንተሩ 100 ሜጋቢት ፖርት ላይ ከሆነ አለቀለት።

መፍትሔው አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ነው፤ አይጂኤምፒ ተቀባዮች የሚፈልጉትን ማልቲካስት የሚጠይቁበት ቋንቋ ነው። ስዊቹን ጆሮ ጠቢ ማድረግ በሉት። ተቀባዩ «ይህን ግሩፕ (ይህን የማልቲካስት ስርጭት) እፈልጋለሁ» ሲል ስዊቹ መሀል ሆኖ ይሰማል፣ ፖርቱን ይመዘግባል፣ ከዚያ ለጠየቀው ብቻ ይልካል።

ጥያቄ፦ እኛ ስኑፒንግ አብርተናል። ቪዲዮው ጥሩ ይጀምርና አራት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ቀጥ ይላል። ስኑፒንጉን ስናጠፋው ይስተካከላል።

መልስ፦ «አራት ደቂቃ» ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ። ኔትወርካችሁ ላይ ጠያቂ የለም፤ ኩዌሪየር የሚባለው። ኩዌሪየር በተለመደው አሠራር በየ125 ሰከንዱ «ማን ምን ይፈልጋል?» ይላል። ተቀባዮች ይመልሳሉ፣ ስዊቹም መልሳቸውን ሰምቶ መዝገቡን ያድሳል። 260 ሰከንድ ሙሉ ምንም ካልሰማ ፖርቱን ይሰርዘዋል። 260 ሰከንድ ማለት 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ ያው የእናንተ አራት ደቂቃ። ተቀባዩማ መጀመሪያ ላይ ተናግሯል። ካልጠየቁት ግን ደግሞ አይናገርም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተማሮ ስኑፒንጉን ያጠፋዋል። አያጥፉት። ማልቲካስት የሚያስተላልፍ ራውተር ካለ እሱ ይጠይቃል፤ ከሌለ ስዊቹ ላይ ኩዌሪየሩን ለየቪላኑ (ስዊቹ ላይ ለተከፋፈለው ለእያንዳንዱ ንዑስ ኔትወርክ) ያብሩ። ኩዌሪየሮቹ ሁለት ከሆኑ ዝቅተኛ አይፒ አድራሻ ያለው ያሸንፋል፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ለዋናው ስዊች ይስጡት። ስኑፒንግ ያለበት ስዊች ማልቲካስቱን ወደ ኩዌሪየሩ አቅጣጫም ይልካል። ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ስዊች ካሸነፈች ሁሉም ቪዲዮ ወደ እሷ ይጎርፍና ገመዷን ያጨናንቀዋል።

ጥያቄ፦ በገመድ ጥሩ ነው፣ በዋይፋይ ግን ይቆራረጣል።

መልስ፦ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ማልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚልከው፤ ደርሷል የሚል ማረጋገጫም አይቀበልም። ማልቲካስቱን ወደ ዩኒካስት (ለእያንዳንዱ ተቀባይ ለየብቻ ወደሚላክ) የሚቀይር ምርጫ ካለው ያብሩለት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አስተካክለናል። አንዱ ግሩፕ ብቻ አሁንም በሁሉም ፖርት ይወጣል። አድራሻው 239.0.0.5 ነው።

መልስ፦ ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። በ224.0.0 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለኔትወርኩ የውስጥ ሥራ የተያዙ ናቸው፤ ስዊች ሆን ብሎ ለሁሉም ይልካቸዋል። የማልቲካስት አይፒ ወደ ማክ ሲቀየር ደግሞ የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ናቸው የሚወሰዱት፤ 32 አይፒዎች አንድ ማክ ይጋራሉ። የእርስዎ 239.0.0.5 እና 224.0.0.5 በማክ አንድ ናቸው። በማክ ብቻ የሚለይ ስዊች አንዱን ከሌላው አያውቅም። ካሜራውን ወደ 239.10.0.5 ይቀይሩትና የፕሪንተሩን መብራት ይዩት።