አፊኒቲ፦ የማን ዝምድና ከማን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የገቡልን ሦስት ጥሪዎች የሚያነሱት አንድ ቃል ነው፤ አፊኒቲ። «ዝምድና» ብንለው ያስኬዳል። ችግሩ፣ ዝምድናው በየሙያው ይለያያል።

ከደብረ ብርሃን የደወለች ተማሪ፦ «ኬሚስትሪ ላይ ኤሌክትሮን አፊኒቲ ይላል። ባዮሎጂ ላይ ደግሞ ሄሞግሎቢን ለኦክስጅን አፊኒቲ አለው ይላል። አንድ ናቸው?»

አይደሉም፣ የኔ ልጅ። የመጀመሪያው ጉልበት ነው። በጋዝ መልክ ያለ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀው ጉልበት ማለት ነው። ከሁሉም ክሎሪን ይበልጣል፤ በሞል 349 ኪሎጁል ገደማ። ፈተና ላይ ፍሎሪን ብለሽ እንዳትሸወጂ። ፍሎሪን በጣም ትንሽ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ ተጨናንቀው አዲሱን ይገፉታል።

ሄሞግሎቢን በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ነው፤ የእሱ አፊኒቲ ግን «ምን ያህል አጥብቆ ይይዛል?» ነው። እዚህ ላይ ስለ ከሰል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው አፊኒቲ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የኦክስጅንን ቦታ ይዞ አልለቅም ይላል።

ማታ ቡናው ያልቃል። ብርዱ ሲበረታ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም» ይባላል። የሚገድለን ይሄ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚወጣውም ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ድሮም ከቆላው ያንሳል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲጀምር «ከሰል መታኝ» ብሎ ሎሚ ማሽተት አይበቃም። በሩን ክፈቱ፣ ሰውየውን ደጅ አውጡት፣ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደጅ ወጥቶም ቢሆን ግማሹ ጋዝ ከደሙ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሐኪም ቤት በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ነው በጣም የሚያጥረው። እባካችሁ፣ ማንደጃው ደጅ ይደር።

ከሸዋ ሮቢት የደወሉ አባት፦ «ልጄ ሚስቱ ሞተችበት። ዘመድ አዝማዱ እኅቷን ያግባ ይላል። በደም አይገናኙም። ምን ይከለክላል?»

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር የምንቆጥረው ደም ነው። ሕጉ ግን የጋብቻ ዝምድናንም ይቆጥራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 9 ወንድ የሚስቱን እኅት፣ ሴትም የባሏን ወንድም እንዳያገቡ ይከለክላል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያንንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሴትዮዋ ለልጅዎ ዋርሳው ናት፤ ለልጅ ልጆችዎ ግን አክስታቸው ናት፣ ሥጋቸው። ልታሳድጋቸው ከፈለገች ሠርግ አያስፈልጋትም።

ከመሐል ሜዳ የደወለች እኅት፦ «የበግ ማደለብ ማኅበራችን ዕቅድ ሊያወጣ ነው። አሠልጣኙ አፊኒቲ ዲያግራም ሥሩ አለን። ምንድን ነው?»

ሐሳብን በዝምድናው መሰብሰብ ነው። ዘዴውን ያመጣው ጂሮ ካዋኪታ የሚባል ጃፓናዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ችግር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፦ «ደላላ ዋጋ ይሰብራል»፣ «መኖ ተወደደ»፣ «ግልገል በሳል ይሞታል»። መጻፍ ለማይችል ሌላው ይጻፍለት። ከዚያ ሁሉም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ የምታደርጉት ሳትነጋገሩ ነው። ዝምታውን አጥብቃችሁ ያዙ። ካልሆነ ሊቀመንበሩ ሲናገር ሌላው ይከተለዋል።

«ድርቆሹ በዝናብ ይበሰብሳል» የሚለውን አንዷ መኖ ጋ፣ ሌላው መጋዘን ጋ ቢያስቀምጡት አትጨቃጨቁ። በሌላ ወረቀት ገልብጡትና ሁለቱም ጋ ይቀመጥ። ለየክምሩ ስም የሚወጣለት መጨረሻ ላይ ነው። ስሙ ከቀደመ ሰው ወረቀቱን በግድ እዚያ ይከተዋል።